ሁለት ሌሊት በፓልም ስፕሪንግስ፦ ዕቅዱን ከፀሐይ ጀምሩ

(በሎስ አንጀለስ ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ! ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አንዳንዶቻችሁ በቀጥታ ከሥራ ነው የመጣችሁት። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ከዚህ ወጥታችሁ የሌሊት ሥራ ትገባላችሁ። ስለዚህ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የምንነጋገረው ስለ አጭር ዕረፍት ነው። ሁለት ሌሊት፣ ሦስት ቀን። ቦታው ፓልም ስፕሪንግስና አካባቢው፣ የኮቼላ ሸለቆ የሚባለው በረሃ ነው። ከሎስ አንጀለሱ የኢትዮጵያውያን ሰፈር፣ ከሊትል ኢትዮጵያ ተነስታችሁ በ10 ቁጥር ፍሪዌይ ወደ ምሥራቅ ብትነዱ 110 ማይል ገደማ ነው። መንገዱ ከቀናላችሁ በሁለት ሰዓት ትደርሳላችሁ። የአውሮፕላን ትኬት አያስፈልግም። የወር ፈቃድ መለመንም የለም።

ይህን ርዕስ የመረጥኩት ሰዋችን ሲደክም ስለማይ ነው። ዕረፍት ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን አገር ቤት መሄድ ነው። ለዓመታት ገንዘብ እናጠራቅማለን፤ ፈቃድ እናጠራቅማለን። ከዚያ ሄደን ዘመድ እንጠይቃለን፣ ያመለጠንን ለቅሶ እንደርሳለን፣ ሰርግ እንታደማለን፣ የቤተሰብ ጉዳይ እንጨርሳለን። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰውነት ግን አያርፍበትም። ደክመን ሄደን ደክመን እንመለሳለን። በሁለቱ ጉዞዎች መሃል ያሉት ዓመታት ደግሞ እንዲሁ በሥራ ያልቃሉ። እኔ የምለው፣ በመሃል ትንሽ ዕረፍት እናስገባ ነው። ቅርብ የሆነ፣ አቅም የሚችለው።

ችግሩ አጭር ዕረፍት ስናገኝም የምናቅድበት መንገድ ነው። ቀኑ ስላጠረ ሁሉንም ለማየት እንሮጣለን። በሁለት ቀን ስድስት ቦታ እንይዛለን። ልጆቹ መኪና ውስጥ ይነጫነጫሉ፤ እናትና አባት ይኮራረፋሉ። በረሃ ላይ ይህ ከድካምም ያለፈ ነው፤ አደጋ አለው። ስለዚህ ዋናውን ነገር አሁኑኑ ልናገር። የበረሃ ዕረፍት ዕቅድ የሚጀምረው ከፀሐይ ነው። ፀሐይዋ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ሰዓት ምን ያህል እንደምትበረታ መጀመሪያ እወቁ። ከዚያ ለአንድ ቀን አንድ ቦታ ብቻ ምረጡ፤ እሱንም በጠዋት። የቀረውን ቀን ባዶ ተዉት።

ቦታው ለምን በረሃ እንደሆነ ስትረዱ ይህ ምክር የበለጠ ይገባችኋል። ወደ ፓልም ስፕሪንግስ ስትነዱ በሁለት ትልልቅ ተራሮች መካከል ታልፋላችሁ። በስተቀኝ የሳን ሃሲንቶ ተራራ አለ፤ 3,302 ሜትር ነው። በስተግራ ሳን ጎርጎኒዮ 3,506 ሜትር ነው። ከፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚመጣው ደመና እነዚህ ተራሮች ላይ ዝናቡንና በረዶውን ይጥላል። ወደ ማዶ የሚሻገረው ደረቅ አየር ነው። በሁለቱ ተራሮች መሃል ነፋሱ እንደ ጉድ ይነፍሳል። በመንገዱ ዳር የምታዩዋቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ነጫጭ የነፋስ ተርባይኖች የቆሙት ለዚህ ነው። እነሱን አልፋችሁ ሸለቆው ሲከፈት በረሃው ውስጥ ናችሁ።

እንግዲህ ሙቀቱ። በጁላይ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 108 ፋራናይት፣ ማለትም 42 ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ጁላይ 5 ቀን 2024 ፓልም ስፕሪንግስ 124 ፋራናይት ደርሳለች። 51 ሴልሺየስ ማለት ነው። ከተማዋ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሙቀት መዝግባ አታውቅም። በዲሴምበርና በጃንዋሪ ግን ቀኑ 70 ፋራናይት አካባቢ ነው። ለእኛ ለሀበሾች ልክ የሚመች አየር ነው፤ ሲመሽ ጃኬት ያስፈልጋል።

ስለዚህ መቼ እንሂድ? የኔ ምርጫ ኖቬምበር ነው፤ ከታንክስጊቪንግ በፊት ያሉት ሳምንታት። ሙቀቱ በርዷል። የመዋኛ ገንዳው ገና ይዋኝበታል። የክረምቱ፣ ማለትም የብርዱ ወቅት፣ እንግዳ ገና አልጎረፈም። ሌላው ጥሩ ጊዜ የጃንዋሪ መጨረሻ ነው። ፌብሩዋሪና ማርችም አየሩ ግሩም ነው፤ ዝናብ ጥሩ በጣለበት ዓመት በረሃው በአበባ ይሸፈናል። ነገር ግን ዋጋው ሰማይ ይነካል። ፌብሩዋሪ ላይ የሥነ ሕንፃ ሳምንት አለ። ማርች ላይ ኢንዲያን ዌልስ ውስጥ ትልቁ የቴኒስ ውድድር ይካሄዳል። ኤፕሪል ላይ በ1999 የተጀመረው የኮቼላ የሙዚቃ ፌስቲቫል ኢንዲዮ ከተማ ላይ ሁለት ተከታታይ ቅዳሜና እሁድ ይዞ ይውላል። የትንሣኤ በዓል ኤፕሪል ላይ በዋለበት ዓመት ከበዓሉ ማግስት እንሂድ ስትሉ ከዚህ ጋር እንዳይጋጭባችሁ ካላንደር እዩ። በነዚያ ቀናት ተራ የሞቴል ክፍል ዋጋ ስትሰሙ ትደነግጣላችሁ።

በሰመር መሄድስ? ይቻላል። ልጆች ከትምህርት ቤት የሚያርፉት ያኔ ነው፤ ሆቴሎቹም በጣም ይረክሳሉ። ግን ዕቅዱ ሌላ ነው። በሰመር ከሄዳችሁ የምትሄዱት ለመዋኛ ገንዳና ለኤሲ ነው። የእግር ጉዞ የሚባል ነገር ከዝርዝራችሁ ይውጣ። ጎበዝ ነኝ፣ በረሃ ነው ያደግኩት የሚል ሰው ይኖራል። የበረሃ ሰው እኮ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ሥር ነው የሚገኘው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ጥቅም አለን። ከመካከላችን ታክሲና ኡበር የሚነዱ አሉ። ነርሶች አሉ፤ አዛውንት የሚንከባከቡ አሉ፤ የራሳቸው ሱቅና ምግብ ቤት ያላቸው አሉ። ብዙዎቻችን ቅዳሜና እሁድ እንሠራለን፤ የምናርፈው ሰኞና ማክሰኞ ነው። ይህ ሁልጊዜ እንደ ጉዳት ይታየናል። ለበረሃ ሪዞርት ግን ወርቅ ነው። ከእሁድ ማታ እስከ ረቡዕ ያለው የክፍል ዋጋ ከዓርብና ከቅዳሜው በእጅጉ ይቀንሳል። መንገዱ ክፍት ነው። ገንዳው ዳር ወንበር ፍለጋ አትጋፉም። ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ የሌላችሁ፣ እባካችሁ በዚህ ተጠቀሙበት።

ስለ ዋጋ ካነሳን ሪዞርት ፊ የሚባለውን ጣጣ ላንሳ። ክፍሉን በአንድ ዋጋ አይታችሁ ትይዛላችሁ፤ ስትደርሱ በየሌሊቱ ሌላ ክፍያ ይጨመርባችኋል። ለገንዳው፣ ለፎጣው፣ ለዋይፋዩ ነው ይሏችኋል፤ ተጠቀማችሁም አልተጠቀማችሁም ትከፍላላችሁ። ከሜይ 2025 ጀምሮ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ያወጣው ደንብ ሆቴሎችና የአጭር ጊዜ ኪራይ ቤቶች ግዴታ የሆኑ ክፍያዎችን ከመጀመሪያው ዋጋ ጋር ደምረው እንዲያሳዩ ያዛል። ካሊፎርኒያም ከጁላይ 2024 ጀምሮ ተመሳሳይ ሕግ አላት። ታክሱና ፓርኪንጉ ግን አሁንም ለብቻው ሊመጣ ይችላል፤ የሆቴሉ ታክስ ብቻውን ከ10 በመቶ በላይ ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የመጨረሻውን ገጽ እዩ። ስልክ ደውሉና «ጠቅላላ ስንት ነው? ፓርኪንግስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይሉኝታ አያስፈልግም።

ሆቴል ይሻላል ወይስ ቤት መከራየት? ቤተሰባችሁ ትንሽ ከሆነ ሆቴል ያዙ፤ ማንም ሳህን አያጥብም። ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ሆናችሁ ከሆነ ገንዳ ያለው ቤት ተከራይታችሁ ወጪውን መካፈል ያዋጣል። ግን የፓልም ስፕሪንግስ ሕግ ጥብቅ ነው። በኪራይ ቤት የሚያድር ሰው ቁጥር በመኝታ ክፍሉ ብዛት የተወሰነ ነው። ከግቢው ውጭ የሚሰማ ሙዚቃ በውጭ ማጫወት አይፈቀድም። እኛ ስንሰበሰብ ዘፈን ከፍ ይላል፣ እስክስታ ይመጣል፣ ሌላ ቤተሰብም «እግረ መንገዳችንን» ብሎ ይጨመራል። ጎረቤት ስልክ ካነሳ ቅጣቱ ከባድ ነው። ዘፈኑን ቤት ውስጥ አድርጉት። ቡናም ስታፈሉ ከሰልና ዕጣን ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። የጭስ መቆጣጠሪያው ይጮኻል፤ ውጭ ላይ ደግሞ ነፋሱ ፍም ያንሳፍፋል። በኤሌክትሪክ ምድጃ ቆልታችሁ ብታፈሉ ቡናው ያው ቡና ነው።

ገንዳ ያለው ቤት ስል አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ያደግን ነን። ልጅ ውሃ ውስጥ ሲሰምጥ በፊልም እንደሚታየው አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ነው የሚሰምጠው። ዘመድ ተሰብስቦ ጨዋታ ሲደራ ሁሉም ሌላው ሰው የሚያይ ይመስለዋል። ስለዚህ ተረኛ መድቡ። ተረኛው ስልኩን ያስቀምጣል፣ ቢራ አይጠጣም፣ ዓይኑን ከውሃው አያነሳም። በየግማሽ ሰዓቱ ተቀያየሩ። ቤቱን ስትመርጡም ገንዳው አጥር እንዳለው አጣሩ።

ወደ መንገዱ እንምጣ። ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምናገረው። ዓርብ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ከሎስ አንጀለስ እንዳትወጡ። የሁለት ሰዓቱ መንገድ አራት ሰዓት ይሆናል። ወይ ጠዋት ከ4 ሰዓት በኋላ ውጡ፤ ወይ ሁሉም ቤቱ ከገባ በኋላ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ውጡ። በመንገድ ላይ ካባዞን የሚባል ቦታ ትልቅ አውትሌት የገበያ ማዕከል አለ። ለአገር ቤት ጫማና ቦርሳ የምትገዙ ሁሉ ታውቁታላችሁ። እዚያ ከቆማችሁ ግማሽ ቀን ሄደ። ገበያ ከፈለጋችሁ ሌላ ቀን ለብቻው ሂዱ።

አሁን ወደ ጠዋቶቹ። ሁለት ሌሊት ካደራችሁ በእጃችሁ ያሉት ሁለት ጠዋቶች ናቸው። እኔ ሦስት ቦታዎች አሳያችኋለሁ፤ እናንተ ሁለቱን ምረጡ።

የመጀመሪያው ኢንዲያን ካንየንስ ነው። ከከተማው መሃል በመኪና የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ደረቅ ድንጋያማ ተራራ ግርጌ ትደርሳላችሁ፤ ወደ ሸለቆው ትወርዳላችሁ፤ ድንገት ውሃ እየፈሰሰ፣ ረጃጅም ዘንባባዎች ተሰልፈው ታገኛላችሁ። ፓልም ካንየን የተባለው ሸለቆ 15 ማይል ይረዝማል። ዘንባባዎቹ ማንም የተከላቸው አይደሉም፤ የአገሩ ተወላጅ ዛፎች ናቸው። የደረቀው ቅጠላቸው ሳይረግፍ ግንዱን እንደ ካባ ከላይ እስከ ታች ይሸፍነዋል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት ግቡ። እስከ 5 ሰዓት ውጡ። በሰመር በሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ይህ መሬት ባለቤት አለው። አጓ ካሊየንቴ የተባሉት የካዊያ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ከጥንት ጀምሮ በክረምት በሸለቆው ሜዳ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ ቀዝቃዛ ወደሆኑት ካንየኖች እየወጡ ይኖሩ ነበር። እኔ ዛሬ የምለፈልፈውን ነገር እነሱ በፊት ኖረውታል። የአሜሪካ መንግሥት በ1876 ለእነሱ መሬት ሲከልል አካባቢውን በካሬ ማይል ሸንሽኖ ነበር። አንዱን ካሬ ለነባሮቹ፣ ቀጣዩን ለባቡር ኩባንያው እያለ እንደ ዳማ ሰሌዳ አከፋፈለው። ዛሬም ድረስ ከተማዋ በዚህ ሰሌዳ ላይ ነው የቆመችው። የምታድሩበት ሆቴል የቆመው ከነገዱ በሊዝ በተወሰደ መሬት ላይ ሊሆን ይችላል።

ከነዚህ ካሬዎች አንዱ ሴክሽን 14 ይባላል። ከከተማው መሃል ጎን ነው። ከተማዋ የሆሊውድ ሰዎች መዝናኛ በሆነችበት ዘመን ጥቁሮችና ሜክሲኳውያን ሠራተኞች የሚኖሩት እዚያ ነበር፤ ሌላ ቦታ የሚያከራያቸው አልነበረም። ሆቴሎቹን የገነቡት፣ አልጋ የሚያነጥፉት፣ ግቢ የሚያጠጡት እነሱ ነበሩ። በ1959 የወጣ ሕግ መሬቱን እስከ 99 ዓመት በሊዝ መስጠት ሲፈቅድ ቦታው ለንግድ ተፈለገ። ከተማዋ ነዋሪዎቹን አስወጣች፤ ቤታቸው ፈረሰ፣ ተቃጠለ። በ1968 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ባወጣው ሪፖርት ከተማዋን በብርቱ ነቀፈ። የከተማው ምክር ቤት ይቅርታ የጠየቀው በ2021 ነው። በ2024 መጨረሻ ላይ ደግሞ ለተፈናቃዮቹና ለልጆቻቸው 5.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ካሳ ለመክፈል ተስማማ።

ይህን በዕረፍት ንግግር ውስጥ ለምን አነሳሁት? ልጆቻችሁ በአሜሪካ የሚያድጉ ጥቁር ልጆች ስለሆኑ ነው። ገንዳ ዳር ተቀምጠው ሎሚናት ሲጠጡ ያ ቦታ በማን ላብ እንደተሠራ ቢሰሙ ዕረፍታቸው አይበላሽም። ነገዱ በ2023 የከፈተው የባህል ሙዚየም እዚያው ሴክሽን 14 ላይ፣ ፍል ውሃው ከሚፈልቅበት ቦታ አጠገብ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበረታ በቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰዓት ማሳለፍ ለሚፈልግ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ሁለተኛው ጠዋት ተራራው ላይ ነው። የፓልም ስፕሪንግስ የገመድ መኪና። በ1935 ፍራንሲስ ክሮከር የተባለ ወጣት የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሙቀቱ አንገብግቦት ሳለ ቀና ብሎ የተራራውን በረዶ አየና እዚያ መውጣት ተመኘ። ምኞቱ እውን የሆነው በ1963 ነው። መንገድ ስላልነበረ ከአምስቱ ማማዎች አራቱ የተሠሩት ዕቃው ሁሉ በሄሊኮፕተር እየተመላለሰ ነው። አሁን ያሉት ሳጥኖች ክብ ናቸው፤ ወለሉ ራሱ እየዞረ በሁሉም አቅጣጫ ያሳያችኋል።

ለእኛ የሚገርመው ከፍታው ነው። የታችኛው ጣቢያ 806 ሜትር ላይ ነው። የላይኛው 2,596 ሜትር ነው። አዲስ አበባ በአማካይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከአዋሽ ሜዳ ተነስታችሁ ከአዲስ አበባ ከፍ ብላችሁ ትገኛላችሁ ማለት ነው። በሩ ሲከፈት የሚቀበላችሁ ቀዝቃዛ አየርና የጥድ ሽታ ነው። ታች ካለው አየር እስከ 30 እና 40 ፋራናይት ይቀዘቅዛል። ከአገር ቤት እናት ወይም አባት መጥተውላችሁ ከሆነ ወደዚህ ውሰዷቸው። አየሩን ያውቁታል። ግን ጋቢውን ወይም ወፍራም ሹራብ መኪና ውስጥ እንዳትረሱ፤ ታች ስትሆኑ የሚያስፈልግ አይመስላችሁም። በክረምት ላይ በረዶ አለ፤ ልጆች ይንሸራተታሉ። ትኬቱን በኢንተርኔት አስቀድማችሁ ግዙ፤ የመጀመሪያውን ዙር ያዙ። በየዓመቱ ለጥገና የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር ላይ ነው።

ሦስተኛው ጆሹዋ ትሪ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከፓልም ስፕሪንግስ አንድ ሰዓት ያህል ይነዳል። በ1936 ተከለለ፤ በ1994 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ስሙን የሰጠው ዛፍ ክንዱን ወደ ሰማይ የዘረጋ ይመስላል። ክብ ክብ ድንጋዮቹ ላይ ልጆች መውጣት ይወዳሉ። ኪይስ ቪው የሚባለው ከፍታ ላይ ስትቆሙ ሸለቆው በሙሉ ከታች ይታያል። እኔ ለትንንሽ ልጆች አልመርጠውም፤ መንገዱ ይረዝምባቸዋል። ለወጣቶችና ለጥንዶች ግን ድንቅ ነው። ፓርኩ ውስጥ ነዳጅ የለም፤ ምግብ የለም፤ በአብዛኛው ቦታ የስልክ ኔትወርክ የለም። ካርታውን ከመግባታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ አንድ ጋሎን፣ ማለትም አራት ሊትር ያህል ውሃ ያዙ። መኪና ቢበላሽባችሁ ከመኪናው እንዳትርቁ።

ከሰዓት በኋላስ ምን እንሥራ? ምንም። ይህ ነው ሰው ለመቀበል የሚቸገረው። ገንዘብ ከፍዬ ክፍል ውስጥ ልተኛ ወይ ይላል። አዎ፣ ተኛ! ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ድረስ መጋረጃውን ዘግታችሁ ተኙ፤ አንብቡ፤ ልጆቹን አጫውቱ። ስልኩን ዝም አሰኙት። የሥራ ቦታ ደውሎ «ዛሬ ትገባለህ ወይ?» ካለ ከከተማ ውጭ ነኝ በሉ። እውነት ነው፤ ከከተማ ውጭ ናችሁ።

አንድ ነገር ማድረግ ከፈለጋችሁ ፍል ውሃ አለላችሁ። ከፓልም ስፕሪንግስ በስተሰሜን ዴዘርት ሆት ስፕሪንግስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የመሬት ስንጥቅ በሥሯ ያልፋል። ከስንጥቁ በአንዱ ወገን ከመሬት የሚወጣው ውሃ ሙቅ ነው፤ በሌላው ወገን ቀዝቃዛና የሚጠጣ ነው። በ1913 ወደ አካባቢው የመጣው ካቦት የርክሳ በእጁ ቆፍሮ ሁለቱንም አግኝቷል። እጁ ያቆመው ትልቅ የጭቃ ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። የእኛ ሶደሬና ወንዶ ገነትም በስምጥ ሸለቆው ስንጥቅ ምክንያት ነው ውሃቸው የሚፈላው። በከተማዋ የማዕድን ውሃ ገንዳ ያላቸው ትንንሽ ሆቴሎች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ሳታድሩ ለቀን ብቻ ከፍላችሁ እንድትገቡ ይፈቅዳሉ። ልጅ የማያስገቡም አሉ፤ ደውላችሁ ጠይቁ። ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ ሐኪም ሳያማክሩ ሙቅ ውሃ ውስጥ አይግቡ። ጠበል የለመዱ እናቶቻችን «ውሃ ምን ያደርገኛል» ይላሉ፤ እናንተ ለምኗቸው።

ስለ ጤና ካነሳን፣ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን መኪና ውስጥ ትቶ እንዳይወርድ። ሙቀቱ ያበላሸዋል። ልጅንማ መኪና ውስጥ መተው ለአንድ ደቂቃም አይታሰብም። ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አያቃጥለውም የሚባለው ልክ አይደለም፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ሁላችሁም ተቀቡ። ሽንታችሁ ከጠቆረ፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ጥላ ፈልጉ፤ ውሃ ጠጡ። ሰው ግራ ከተጋባ ወይም ከወደቀ 911 ደውሉ፤ እስኪመጡ ድረስ ውሃ እያርከፈከፋችሁ አቀዝቅዙት።

ስንቅ? እዚህ ላይ ባህላችን ቀድሞ አስቦልናል። ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ። ሙቀት የማያበላሻቸው፣ ማቀዝቀዣ የማይፈልጉ ምግቦች ናቸው። ድርቆሹን በትንሽ የወጥ ውሃ አርሳችሁ ፍርፍር መሥራት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ቁርስና ምሳን በዚህ ሸፍናችሁ ማታ አንድ ጊዜ ውጭ ብሉ። ሐሙስ ማታ ከደረሳችሁ ፓልም ካንየን ድራይቭ የተባለው ዋና ጎዳና ለመኪና ተዘግቶ የእግረኛ ገበያ ይሆናል። ፀሐይ ገብታለች፤ አየሩ ቀዝቅዟል፤ ልጆቹም እንደ ልባቸው ይሮጣሉ።

ቴምር ሳትገዙ ደግሞ እንዳትመለሱ! በአሜሪካ ከሚመረተው ቴምር አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ሸለቆ ነው። ዘሩ የመጣው ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ ነው። መጁል የሚባለው ትልቁና ለስላሳው ቴምር የሞሮኮ ነው፤ በሽታ የሞሮኮን ዛፎች ሲጨርስ በ1927 አሥራ አንድ ችግኞች ወደ አሜሪካ መጡ። የዛሬው የካሊፎርኒያ መጁል የነሱ ዘር ነው። ሠራተኞች ግንዱ ላይ እየወጡ አበባውን በእጅ ያዳቅላሉ፤ ዘለላውን ከወፍና ከዝናብ በከረጢት ይሸፍናሉ። በሴፕቴምበር ተጀምሮ እስከ ዲሴምበር ይለቀማል፤ ኖቬምበርን የምወድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በ111 ቁጥር መንገድ ኢንዲዮ ስትደርሱ ከ1924 ጀምሮ የሚሠራ የቴምር እርሻ ሱቅ አለ፤ ሺልድስ ይባላል። በወተት የሚመታውን የቴምር ሼክ ቅመሱ። ለሁዳዴ ጾምም፣ ለረመዳን ማፍጠሪያም የሚሆን ካርቶን ገዝታችሁ ተመለሱ። ኢንዲዮ ወደ ቤት ከሚወስደው አቅጣጫ በተቃራኒ ነው፤ ስለዚህ በሁለተኛው ቀን፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሂዱ እንጂ ለመመለሻው ቀን አታስቀሩት።

መመለሻው ላይ ምክሬ አጭር ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ አትነሱ፤ የሎስ አንጀለስ ሰው ሁሉ ያኔ ነው የሚመለሰው። ወይ እሁድ ጠዋት ከቁርስ በፊት ውጡ፤ ወይ ሰኞን ጨምራችሁ ፈቃድ ውሰዱና ሰኞ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ በቀስታ ተነሱ። ሁለተኛው ይሻላል። ከሰኞ በኋላ ባለው ቀንም ቢሆን ድርብ ሺፍት እንዳትወስዱ አደራ።

እንግዲህ ካላንደራችሁን አውጡ። ቢያንስ አንድ ቀን ዛሬ እዚሁ ምልክት አድርጉበት፤ ባለቤታችሁ አጠገባችሁ ካለች ወይም ካለ አሁኑኑ ተነጋገሩ። እኔ ጥያቄ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ። እዚያ ጀርባ እጃቸውን ካወጡት እናታችን እንጀምር።